የፖርት ሰባት ጥፋት

ቁጥር አይዋሽም የሚል ሰው፣ ቁጥር የሚያነብ አለቃ ገጥሞት አያውቅም። ቁጥር ምን ያድርግ? ምስኪን ነው፤ አንባቢው ያሰኘውን ያናግረዋል።

እኔ ነገሌ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የኔትወርክ ባለሙያ ነኝ። ባለሙያ ማለት ኢንተርኔት ሲጠፋ የሚሰደብ ሰው ነው፤ ሲመጣ የሚመሰገነው እግዚአብሔር ነው። የቢሮውን ኮምፒውተሮች የሚያገናኝ ስዊች የሚባል ሳጥን አለኝ። ገመዶቹ የሚሰኩባቸው ቀዳዳዎች ፖርት ይባላሉ፤ ሳጥኑም በየፖርቱ ምን ያህል መረጃ እንዳለፈና ምን ያህሉ ተበላሽቶ እንደደረሰ ይቆጥራል። ብዙ ያለፈበት ብዙ የሠራ ነው፤ ስህተት የበዛበት ግን ገመዱ የሆነ ቦታ ታሟል። ሳይንሱ ይኸው ነው። ለዚህ ዲግሪ ይዣለሁ።

አለቃችን አቶ ደምሰው ያለ ዲግሪ ተረዱት። ኮምፒውተራቸው እየተቋረጠ ቢያስቸግራቸው አስጠሩኝና ቁጥሮቹን አሳየኋቸው። ጣታቸውን ከሁሉም በሚበልጠው በፖርት ሰባት ላይ ተክለው፣ መስመራችንን የበላችው ይቺ ናት አሉ። ፖርት ሰባት ወይዘሮ አስቴር ናት፤ ቀኑን ሙሉ የባለጉዳይ ማስረጃ ስካን እያደረገች ትልካለች። ከመካከላችን የምር የምትሠራው እሷ ብቻ ናት ቢባል እኔም አልቀየም። ብዙ ቁጥር ብዙ ሥራ ነው ብላቸው ማን ሰምቶኝ! ራቅ ወዳለው የሜጋ ከተማ ቅርንጫፋችን ትዛወር ብለው ቆረጡ። ባሏ እዚሁ ካምፕ ወታደር ነው፤ ልጆቿም እዚሁ ይማራሉ። «ልጆቼን በስልክ ላሳድጋቸው?» ብላ ስታለቅስ ቁጥሮቹን እንደገና ከፈትኩ።

ስህተቱን ብፈልግ ሁሉም ንጹሕ ነው፤ ከፖርት ሁለት በቀር። ፖርት ሁለት የማን ቢሆን ጥሩ ነው? የአለቃ! የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኼ ነው። ደግሞ ስህተቱ የሚጨምረው እንግዳ ሲገባ ነው። ገርሞኝ አለቃ ቢሮ ሄጄ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ።

አቶ ደምሰው ተቀምጦ ሰላም ማለት ነውር ነው ተብለው ያደጉ ሰው ናቸው። አንድ የቦረና ሽማግሌ ሲገቡ «ኖር!» ብለው ብድግ አሉ፤ ባለጎማው ወንበር ወደ ኋላ ተንሸራቶ ገመዱ ላይ ቆመ። በ«ኖር» ቢያበቃ ምን ነበረበት? ሽማግሌው በኦሮምኛ «አካም፣ ናጋ?» ብለው የሁሉን ሰላም መጠየቅ ጀመሩ። ቤቱ ናጋ፣ ከብቱ ናጋ፣ ግመሉ ናጋ፣ ዝናቡ ናጋ። ናጋ ያጣው ገመዱ ብቻ ነው።

መስመሩን የሚያቋርጠው ገመዱን የሚረግጠው ወንበራቸው መሆኑን ነገርኳቸው። እንግዳ ተቀምጬ ልቀበል? ባለጌ ነኝ? አሉ። ገመዱን በግድግዳው በኩል ላዙረው ብልም እምቢ አሉ፤ የታመመው ቀዳዳው ነው ብለው የአስቴርን ለእሳቸው፣ የእሳቸውን ለእሷ እንድሰጥ አዘዙ። ቀያየርኩ። የድሮው ቁጥር ግን ሰውን አይከተልም፣ ፖርቱ ላይ ይቀራል፣ ላጥፋው ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ማስረጃ ልታጠፋ ነው ብለው ጮኹብኝ። አላጠፋሁም። አለቃን መታዘዝ ደስ ይላል።

ከዚያ የበላይ ኃላፊው ለጉብኝት መጡ። ብድግ፣ ኖር፣ ናጋ፤ ሁሉም በወጉ ተደርጎ ተቀመጡ። አቶ ደምሰው ስክሪኑን አዙረው፣ መስመራችንን የሚበላው ፖርት ሰባት ነው ብለው ከሰሱ። የበላይም አለቃ ነው፤ የሚያነበው በአለቃ ዓይን ነው። አሁን ስህተቱም እዚያው ፖርት ላይ መጨመሩን አዩና፣ የሚበላውም የሚያበላሸውም አንድ ሰው ከሆነ ዛሬውኑ ሜጋ ይሂድ ብለው በሁላችን ፊት ወሰኑ። አቶ ደምሰው ምስጋናቸውን አዘነቡ። ኃላፊው ወደ እኔ ዞረው ፖርት ሰባት ላይ ያለው ማን እንደሆነ ጠየቁኝ።

መዋሸት ኃጢአት ነው፤ በተለይ እውነቱ እንዲህ ሲጣፍጥ። «አቶ ደምሰው ናቸው» አልኩ።

አቶ ደምሰው ብድግ አሉ። ወንበሩ ወደ ኋላ ሄደ። ስክሪኑም ቀጥ አለ።

አስቴር ዛሬም እዚሁ ናት። በቀደም አቶ ደምሰው ከሜጋ ሲደውሉ ኔትወርኩ እንዴት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። እዚያ ባለሙያው ጎበዝ ስለሆነ አንድም ቀን ተቋርጦባቸው እንደማያውቅ ነገሩኝ። ባለሙያውን አውቀዋለሁ፤ ለአለቃ የሰጠው ወንበር ጎማ የለውም።