የዓሣ ቅርጫ

ጨው የበላው መሬት አንድ ጥቅም አለው፤ የሚመቀኛችሁ የለም። ከውጫሌ ዝቅ ብሎ ያለው ማሳዬ በመስኖ ብዛት ነጭ ሆኖ፣ ማሽላው ብቅ ይልና አካባቢውን አይቶ ተመልሶ ይገባ ነበር። ሁሉን የምቆጥር ሰው ሆኜ ከዚያ መሬት የምቆጥረው አጥቼ ኖርኩ። ስለዚህ የጎረቤቴ ልጅ ዘሃራ ከጅዳ ተመልሳ «አያ፣ በሲሶ ይስጡኝ፤ ዓሣ ላርባበት» ስትለኝ፣ ሳቄን ዋጥ አድርጌ ሰጠኋት። የባዶ ሲሶ ምን ይጎዳኛል?

ኩሬ አስቆፍራ ከሐይቅ ያመጣችውን የዓሣ ጫጩት ለቀቀችበት። ማሽላ የገደለው ውሃ ዓሣ አወፈረ። ውሃውን ስትቀይርም አሮጌውን፣ ጨው ለሚችል የከብት ሣር ታጠጣዋለች እንጂ ወደ ሰው ማሳ አትለቅም። ጥሪቷ ሁሉ እዚያ ኩሬ ውስጥ ነው፤ ዓሣው አድጎ ካልተሸጠ ወደ ዐረብ አገር መመለሷ ነው።

መከራው ከጨው ሳይሆን ከእንግዳ መጣ። የእኛን አገር ታውቁታላችሁ፤ ሊጠይቅ የመጣን ሰው አፉን ሳያስነኩ መሸኘት ነውር ነው። በግ ብታረባ ኖሮ ጉዳቱ በግማሽ ይቀል ነበር፤ እሷ ሙስሊም ናትና ያረደችውን የክርስቲያኑ ወገን አይበላም፣ ምራቁን ውጦ ይመለሳል። ዓሣ ግን ቢስሚላሂም በስመ አብም የሚል አራጅ አይፈልግም። በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እንኳ ዘሃራ ደጅ ሲደርስ ሁልጊዜ ይበላል ባዮቹ ያሸንፋሉ።

«አያ፣ ወላሂ ጨረሱኝ» አለችኝ አንድ ቀን። «እንቁላል የሚጥሉትን እናት ዓሣዎች ለእንግዳ ልጠብስ ነው። እምቢ ማለት አልቻልኩም። ወደ ጅዳ የሚልከውን ደላላ ላናግር።»

በገበያ ቀን ውጫሌ ወጥቼ አወጅኩ። የዓሣ ቅርጫ ተጀምሯል፤ መብላት የፈለገ ለዓሣው ቀለብ ፉሩሽካ አዋጥቶ ይመዝገብ፤ ከዕጣው ቀን በፊት የሚቀምስ የለም፤ ከመደብ የተረፈውን ዘሃራ ትሸጠዋለች። የበሬ ቅርጫችን በየሃይማኖቱ ነው፤ ይኼኛው ግን ሁላችንንም አንድ ላይ አስገባን። ሳይጠሩት ይመጣ የነበረው አጎቷ ሙሄ ዱላ ይዞ የኩሬው ዘበኛ ሆነ። ያዋጣበትን ሌላ ሲበላበት ያመዋላ!

በዕጣው ቀን ዓሣው በየመደቡ ተደረደረ።

«የዚህ ነገር ሻኛው የቱ ጋ ነው?» አለ ሙሄ።

«ጅራቱን ይዘህ ፈልገው!» አለው ክርስቲያኑ ጎረቤታችን አበበ።

የተረፈው፣ ብዙው፣ ተጭኖ ሐይቅ ከተማ ላሉት ሆቴሎች ሄደ። እኔም መደቤን ላነሳ ጎንበስ ስል ሙሄ ዱላውን አጋደመብኝ።

«አያ፣ ፉሩሽካዎ የታለ?»

«የመሬቱ ባለቤት እኮ ነኝ!»

ታማልደኝ ብዬ ወደ ዘሃራ ዞርኩ።

«ከሽያጩ ሲሶዎ አለ፣ አያ። ዓሣውን ግን እንደ ሰው ተመዝግበው ይብሉ።»

ለእኔ እምቢ ካለች ለማንም ትላለች። ወደ ዐረብ አገር አትመለስም ማለት ነው፤ ባዶ እጄን ወደ ቤቴ ገባሁ።