የአጎቴ አሥራ ሰባተኛ ኑዛዜ

በየቤተሰቡ አንድ ተናዛዥ አለ። ጉንፋን ሲነካው ወረቀት የሚያስመጣ፣ ሲሻለው የሚቀድድ። ሞትን የሚፈራ እንዳይመስላችሁ፤ የሚፈራው ሳይኮርፍ መሞትን ነው።

የእኛ ቤት ተናዛዥ ክቡር አጎቴ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ግንበኛ። የሚኖሩበትን ባለ ሦስት ክፍል ቤት ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው በገዛ እጃቸው አቁመውታል። እኔ ጸሐፊያቸው ነኝ። ጠዋት በማለዳ ስልኬ ከጮኸ አውቃለሁ።

"ወረቀት ይዘህ ና። ነቅያታለሁ!"

ያን ቀን ከኑዛዜው የተነቀለችው እናቴ ነበረች፤ እህታቸው። የሳሎኑ ቀለም አያምርም ብላ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ጨው ይቀንሱ ያላቸውን ሐኪም ንቀልልኝ አሉ። ስሙ መጀመሪያም እንዳልነበረበት ነገርኳቸው።

"ታዲያ አስገባውና ንቀለዋ!"

ችግሩ ሙያቸው ነው። አሮጌውን ሳያፈርሱ አዲስ መጀመር አይሆንላቸውም። ስለዚህ መጀመሪያ ይቀድዳሉ። አዲሱ ሲነበብ ሰምተው የሚፈርሙ አራት ምስክሮች እስኪሰበሰቡ ደግሞ ከአንዱ ጋር ይጣላሉ። በዓመት ውስጥ ኑዛዜ ያልነበራቸው ቀናት ይበዛሉ።

ይሄ ለሁላችን ሳቅ ነበር፤ ለልጅቷ ግን አልነበረም። የሟች ሚስታቸው ከሌላ ሰው የወለደቻት ልጅ ናት። ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ "አባዬ" ስትላቸው ቤቱ ራሱ አቤት የሚል ይመስለኛል። ሕግ ግን ይህን ዜማ አይሰማም። የጉዲፈቻ ወረቀት የላትም። ያለ ኑዛዜ ቢሞቱ ቤቱ ለእናቴ፣ ልጅቷ ሻንጣዋን ይዛ ወደ ውጭ።

አሥራ ስድስተኛውን ማክሰኞ ቀደዱት። መሰላል እንዳይወጡ ልጅቷ ስለከለከለቻቸው። ሐሙስ ከመሰላሉ ወደቁ። ዳሌያቸው ተሰብሮ ለቀዶ ጥገና ተቀጠሩ።

"ጻፍ!" አሉኝ ሆስፒታል አልጋቸው ላይ ሆነው። "ቤቱ ለልጄ። ውሃ ልኩ ለአንተ።"

ያን ግንቡ መስተካከሉን የሚለኩበትን ውሃ ልክ እወደዋለሁ። ልጅ ሆኜ በብልቃጡ ውስጥ ያለችው አረፋ መሃል ላይ እስክትቆም ትንፋሼን ውጬ እጠብቃት ነበር።

ምስክር ፍለጋ ተሯሯጥን። ነርሷ፣ የጎን አልጋ ታማሚውና ሊጠይቀው የመጣው ወንድሙ እሺ አሉ። አራተኛ ጠፋ። አልጋውን ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል የሚገፉት ሰዎች በሩ ላይ ቆመዋል።

"አንተ ፈርማ!"

"ጋሼ፣ ምስክር አይወርስም። ውሃ ልኩ ይቀርብኛል።"

ልጅቷ ከአልጋው ራስጌ ቀና ብላ አየችኝ።

"እንግዲህ አንተ ታውቃለህ" አሉ ክቡር አጎቴ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቆጡ።

አዲስ ወረቀት አወጣሁ። ቤቱ ለልጄ፤ በቃ። ጮክ ብዬ አነበብኩት፣ እሳቸው ፈረሙ፣ አራታችንም ፈረምን።

ዳኑ። አሁን በክራንች ይሄዳሉ። ወረቀቱ ውል አዋዋይ ቢሮ ተቀምጧል፤ መቅደድ ቢያምራቸው ታክሲ መያዝ አለባቸው፤ ታክሲ እስኪመጣ ደግሞ ይታረቃሉ።

ባለፈው እሑድ ውሃ ልኩን ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ።

"ውሰደው። በቁሜ ስሰጥ ምስክር አያስፈልገኝም።"

አረፋዋን አየኋት። ከዚያ መልሼ እጃቸው ላይ አኖርኩት።

"እርስዎ ጋ ይቆይ፣ ጋሼ። የአጥሩ ግንብ ገና ነው።"

ወደ አጥሩ ዞረው በዓይናቸው ለኩት።

"እንዲያ ከሆነ ሲሚንቶ ግዛ። ሁለት ከረጢት ይበቃኛል።"

አራት ገዛሁ።