ፔናንግ እዚህችው ናት

«ሩቅ» የሚባል ነገር የማያውቅ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። በሜዳን ከተማ ለኛ ሰፈር የደረሱን ክቡር ጋሽ ሳሃት ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የመዘምራን መሪ፣ የዘንባባ ጠጅ ቤቱ የቼዝ ጀግና፣ በራሳቸው ሹመት ደግሞ የሰማይ መንገድ አማካሪ። የትም ልትሄድ ብታማክራቸው መልሳቸው አንድ ነው፦ «እዚህችው ናት!»

በተለይ የጎረቤት አገሯ ደሴት ፔናንግ። የሜዳን ሰው ጥርሱንም ሲያመው ልቡንም ሲያመው ባሕሩን ተሻግሮ እዚያ መታከም ስለሚወድ፣ ጋሽ ሳሃት ሥራ ፈትተው አያውቁም። «ስማ» ይላሉ ፈረሳቸውን በጣታቸው አንጠልጥለው፣ «አንተ ይቺን ወታደር ለማንቀሳቀስ ስትቆዝም እኔ ፔናንግ ደርሼ ሻይ እጠጣለሁ።» ከሰፈራችን አየር ማረፊያው ድረስ ያለው መንገድ ከበረራው ይረዝማል ያላቸው ሰው ነበር። «እሱ የመንገዱ ጥፋት ነው» አሉት።

እኔን የሚያናድደኝ የመልሱ ጉዞ ነው። የፔናንግ ሰዓት ከኛ በአንድ ሰዓት ይቀድማል፤ በረራው ደግሞ አንድ ሰዓት አይሞላም። እሳቸው ታዲያ ይህን ይዘው «ስትመለስ ሳትነሳ ትደርሳለህ!» ብለው ይምላሉ። የሚለያየው ሰዓቱ ነው እንጂ ጊዜው ወደ ኋላ አይሄድም ብዬ ስንቴ ተከራከርኳቸው! «አንተ ደግሞ ነገር ታከራለህ» ብለው ንግሥቴን በሉብኝ።

ከዚያ የእናቴን የቲዮሚናን ዓይን ሞራ ጋረደው። ፔናንግ ቀጠሮ ያዝንላት፤ አሻፈረኝ አለች። «ባሕር ማዶ ብሞትስ? ማን ወደ አባቶቼ መቃብር ይመልሰኛል?» ልጆቿ ለመንናት፣ ቄሱ መከሯት፣ ወይ ፍንክች። ጋሽ ሳሃት ሳይጠሩ ገቡ።

«እትዬ ቲዮሚና፣ ሲሄዱ ወንበሩ ሳይሞቅዎ ይደርሳሉ። ሲመለሱማ ሳይነሱ ይደርሳሉ! ታዲያ ሞት በየት በኩል ይገባል? መግቢያ ደቂቃ የለውማ!»

«አንተ ቀጣፊ!» አለች እናቴ። ግን ሳቀች። በማግስቱ ሻንጣዋን አስያዘችኝ።

ዓይኗ ተሠርቶ ስንመለስ ከፔናንግ የተነሳነው በዚያው ሰዓት ከጠዋቱ አራት ላይ ነበር። ሜዳን ወርደን በአዳራሹ ስናልፍ እናቴ ድንገት ቆመች። ለዓመታት «ስንት ሰዓት ሆነ?» እያለች ስትጠይቀኝ የኖረች ሴት፣ የግድግዳውን ሰዓት ቀና ብላ አየችው።

«ለአራት አሥር ጉዳይ» ብላ አነበበች። «ያ ቀጣፊ እውነቱን ነው!»

እንባዬ መጣ። ስለ ሰዓት ልዩነት ላስረዳት አልፈለግኩም።

ቀጣፊው ሸሚዛቸው በላብ ርሶ መውጫው በር ላይ ተገትረዋል። ሳያቸው ደስ አለኝ፤ እሳቸው ዘንድ እንዳይደርስብኝ አደራ።

«አንተ ሳሃት፣ እንዲህ አርጅተሃል እንዴ?» አለቻቸው እናቴ።

«ከመቼ ጀምረው ነው የቆሙት?» አልኳቸው።

«ጎህ ሲቀድ ነው የመጣሁት።»

«ምነው በሌሊቱ?»

«ሰዓቱ ወደ ኋላ እንደሚሄድ አውቃለሁ» አሉ ጋሽ ሳሃት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ምን ያህል እንደሚሄድ ግን እርግጠኛ አልነበርኩም። እትዬ ቀድመው ደርሰው የሚቀበላቸው ሰው ቢያጡስ ብዬ ነው።»