ማዳመጥን ልማር ሄጄ ያላነሳሁት ስልክ

ነገሌ ውስጥ ምክር ውድ ሆኖ አያውቅም። ካላመናችሁኝ መንገድ ዳር መኪና አቁማችሁ ጎማ ለመቀየር ሞክሩ። ክሪኩን ሳታወጡ ሦስት ሰው ከቧችሁ ይቆማል። አንዱ መጀመሪያ ድንጋይ አስደግፉ ይላል፣ ሌላው የለም ብሎኑን አላሉ ይላል፣ ሦስተኛው ስለ ጎማው አንድም ነገር ሳይናገር ይህን መኪና ሲጀመር ባትገዙት ይሻላችሁ ነበር ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ሁሉም በነጻ ነው። እንዲያውም ካልሰማችኋቸው ይቀየሟችኋል።

ምክር በጨረታ እንደሚገዛ ያወቅሁት መንግሥት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። የመስሪያ ቤቴን ስም አልጠራም፣ እንጀራዬ ነው፤ ውሃን የሚመለከት ነው ብላችሁ ያዙልኝ። የእኔ ሥራ ደግሞ ኮሙኒኬሽን ይባላል። ድሮ ሕዝብ ግንኙነት ነበር የሚባለው። አንድ ቀን ሕዝቡም ግንኙነቱም ከስሙ ላይ ወጡና ኮሙኒኬሽን ሆነ። እናቴ ለጎረቤት ስታወራ ልጄ ስልክ ጠጋኝ ነው ትላለች፤ ማስረዳቱን ከተውኩት ቆየሁ።

ኃላፊያችን ክፉ ሰው አልነበሩም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፣ ምክንያቱም በእንዲህ ያለ ወግ ውስጥ ኃላፊ ሲመጣ ቀንድ የምትፈልጉ አላችሁ። ሰውየው ሠርተው የማይደክሙ፣ ሠላምታ የማያጓድሉ ነበሩ። ችግሩ አንድ ጊዜ ከትልቅ ስብሰባ አንድ ዓረፍተ ነገር ይዘው መመለሳቸው ነው። «የእኛ ጉድለት አለመሥራታችን ሳይሆን የሠራነውን አለማሳወቃችን ነው» አሉን። አጨበጨብን። ከጭብጨባው ጥቂት ሳምንት በኋላ አማካሪው ከአዲስ አበባ መጣ።

አማካሪው ጨዋ ወጣት ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ አጠገቤ ተቀምጦ በግመል ወተት የፈላ ሻይ እየጠጣ ጠየቀኝ። ሕዝቡ መረጃ የሚያገኘው ከየት ነው? ገበያ ቀን መቼ ነው? ሬዲዮ የሚሰማው ማን ነው? የማውቀውን ሁሉ ነገርኩት፣ ጻፈ፣ አመስግኖኝ ሄደ። ከዚያ የነገርኩት ሁሉ በሚያብረቀርቅ ወረቀት፣ በእንግሊዝኛ፣ ጡብ አክሎ ተመልሶ መጣ። «የተቀናጀ የኮሙኒኬሽንና የገጽታ ግንባታ ስትራቴጂ» ይላል። ባነር ታተመ፣ ኮፍያና ካናቴራ ታደለ፣ ድሮን ተነስቶ ዘጋቢ ፊልም ተቀረጸ። ለዚህ ሁሉ የወጣውን ገንዘብ አልነግራችሁም፤ ንዴት ለጨጓራ አይሆንም።

አሁን አዴ ሰዲያን ላስተዋውቃችሁ። ገበያው መግቢያ ላይ ስኳር፣ ሽርጥ፣ ጀሪካንና ገመድ የሚሸጡ፣ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እያቀላቀሉ ከደንበኛ ጋር የሚሟገቱ ሴት ናቸው። የምክር ቤት አባል ሆነው ተመረጡ፤ እዚያም የመስሪያ ቤቶችን ወጪ የሚመረምረውን ቋሚ ኮሚቴ እንዲመሩ ተደረገ። ከእሳቸው በፊት ምርመራ ማለት እንግዲህ ይህ ነበር፤ ኮሚቴው ይመጣል፣ በስላይድ የቀረበውን ሪፖርት ያያል፣ የታሸገ ውሃ ይጠጣል፣ «አበረታች ነው» ብሎ ይሄዳል። አዴ ሰዲያ ግን የወጪ ዝርዝሩን ሱቃቸው ወስደው አነበቡት። ለኮሙኒኬሽንና ለአማካሪ የወጣው ለጥገና ከወጣው እንደሚበልጥ አዩ። ከዚያ ሁላችንንም አዳራሽ ጠሩን።

ስብሰባው በኦሮምኛ ነበር፤ እኔ በአማርኛ ሳወራችሁ ቅመሙ ቢጎድል ይቅርታ። አዴ ሰዲያ ሰነዱን በሁለት እጃቸው አንስተው «ይህን ያነበበ እጁን ያውጣ» አሉ።

እጅ የለም። ኃላፊያችን ጉሮሯቸውን ጠራርገው «ሰነዱ ሳይንሳዊ ስለሆነ ባለሙያችን ያብራራሉ» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። አገሩ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«እንግዲያው ልጄ፣ አንብበህ ተርጉምልን» አሉኝ አዴ ሰዲያ።

ገለጥኩት። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ «ስቴክሆልደር» የሚል ቃል ተጋድሟል። አማርኛው ባለድርሻ አካል ነው፤ ኦሮምኛው «ቆዳ ፉዻታ» ነው፣ ድርሻ ወሳጅ እንደማለት። ቆዳ በኦሮምኛ ድርሻ ነው። በአማርኛ ምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ ያደረጋችሁት ጫማ ይነግራችኋል። እንደዚያው ተረጎምኩት።

«ጥሩ» አሉ አዴ ሰዲያ። «ድርሻ ወሳጁ ማነው?»

«የውሃው ተጠቃሚ ሕዝብ ነው» አልኩ።

ያን ጊዜ ከኋላ ወንበር አንድ ሽማግሌ አስነሱ። ኦቦ ጃተኒ ናቸው፤ ወደ ፊልቱ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ሰፈር የውሃ ጉድጓዱን ሞተር የሚጠብቁ ሰው። አዴ ሰዲያ ያገኟቸው በዚያው ሳምንት ሱቃቸው ገመድ ሊገዙ ሲመጡ ነው። ገመድ ለምን ሲሏቸው የእጅ ጉድጓድ ልንቆፍር ነው አሏቸው፤ ሞተር ያለው ሰፈር ለምን በእጅ ይቆፍራል ሲሏቸው ነገሩ ተጎልጉሎ ወጣ።

«ኦቦ ጃተኒ፣ አካም ጂርቱ?» ብለው ደኅንነታቸውን ጠየቋቸው አዴ ሰዲያ። «መጽሐፉ ድርሻ ወሳጁ እርስዎ ነዎት ይላል። ምን ወሰዱ?»

ሽማግሌው አሰቡ። የምራቸውን ነው ያሰቡት። «ኮፍያ» አሉ።

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እሳቸው ግን አልጨረሱም፤ ወደ እኔ ዞር አሉና በከተማ አማርኛቸው «የእናንተ ቆዳ ደግሞ ቤቴ አለ» አሉ። «ሁለት ጥጆች በውሃ ጥም ሞቱብኝ። የቀረኝ የአማርኛው ቆዳ ነው።»

ሳቁ በአንዴ ጠፋ።

አዴ ሰዲያ የሰነዱን ሽፋን አሳዩዋቸው። ሽፋኑ ላይ አንድ ሽማግሌ በሁለት መዳፋቸው ውሃ ይዘው ይስቃሉ። ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ የምኮራበትም ፎቶ ነበር። ኦቦ ጃተኒ ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ቆዩና «ይሄ እኔ ነኝ? መቼ እንዲህ አረጀሁ?» አሉ። ቀጥለውም በቀስታ «ውሃው ያኔ ነበር» አሉ።

ከዚያ ነገሩን ተናገሩ። የሞተሩ ቺንጋ፣ ያ የጎማ ቀበቶው፣ ተበጠሰ። ኔትወርክ ያለበት ኮረብታ ላይ ወጥተው ሰፈራቸው በተሰቀለው ባነራችን ላይ ወደተጻፈው የመስሪያ ቤታችን ስልክ ደወሉ። ይጮሃል፣ አይነሳም። በማግስቱም ይጮሃል፣ አይነሳም። ፍየል በጫነ አይሱዙ ተሳፍረው ነገሌ መጡ፤ የመስሪያ ቤታችን ዘበኛ «ሁሉም ሆቴል ስልጠና ላይ ናቸው፣ ሰኞ ይምጡ» አላቸው። ሰኞ መጡ፤ «መጀመሪያ በስልክ ማሳወቅ ነበረብዎት» ተባሉ። እስከዚያ ድረስ የሰፈሩ ሴቶች ከሌላ ሰፈር ጉድጓድ ለመቅዳት ግማሽ ቀን ይሄዱ ነበር።

«ይህ ስልክ የማን ነው?» አሉ አዴ ሰዲያ።

ኃላፊያችን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «የኔትወርክ ችግር ነው በል» አሉኝ። ታውቁታላችሁ፣ በአገራችን ኔትወርክ የማይሸከመው ኃጢአት የለም። አፌ ላይም ደርሶ ነበር። ጀግና አይደለሁም፣ ልጆች አሉኝ፣ የቤት ኪራይ አለብኝ። ግን ሽማግሌው እያዩኝ ነበር፤ በቁጣ ቢሆን እኮ እችለው ነበር፤ የሚያዩኝ የማውቀውን እንደምነግራቸው እርግጠኛ ሆነው ነው።

«ስልኩ የእኔ ጠረጴዛ ላይ ነው» አልኩ። «ክፍሉ ተቆልፎ ነበር። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር።»

«አንተስ የት ነበርክ?»

«ስልጠናው ላይ።»

«የምን ስልጠና?»

«ሕዝብን የማዳመጥ ክህሎት» አልኩ።

ማንም አልሳቀም። ቢስቁብኝ ምንኛ በወደድኩ!

አዴ ሰዲያ ቺንጋው የት እንደሚገኝ ጠየቁ። በዚህ ጊዜ ለአበል ሲል የተገኘው የግምጃ ቤት ሠራተኛችን እጁን አወጣ። «እኛ ዘንድ አለ» አለ ኮራ ብሎ። «ከነማሸጊያው። ጠያቂ ስላልመጣ ነው።»

እዚህ ላይ እናንተም ወንበራችሁን ልትወረውሩ እንደሚቃጣችሁ አውቃለሁ። ቺንጋው ከተረፉት ባነሮች ሥር፣ ከእኔ ጠረጴዛ በአንድ ግድግዳ ብቻ ተለይቶ፣ ያን ሁሉ ቀን መደርደሪያ ላይ ተኝቶ ነበር።

አዴ ሰዲያ ሻሻቸውን አስተካክለው ተነሱ። «ስብሰባው ቺንጋው ከተገጠመ በኋላ ይቀጥላል።»

«ኧረ አዴ፣ ሰነዱ እኮ ገና አልተገመገመም» አሉ ኃላፊያችን።

«ሰነድ አይጠማውም» አሉና ወጡ።

በመስሪያ ቤታችን ፒክአፕ፣ አዴ ሰዲያ ጋቢና ገብተው፣ ኦቦ ጃተኒ፣ መካኒካችንና እኔ ደግሞ ከኋላ ሆነን ሄድን። መካኒኩ ቺንጋውን የገጠመው አንድ የመክፈቻ ንግግር ከሚፈጀው ባነሰ ጊዜ ነው። ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስሎ ተነሳ። ውሃው መጀመሪያ ዝገት ተፋ፣ ቀጥሎ ጠራ። ሴቶቹ እልል ይላሉ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እንደ ዘጋቢ ፊልሙ። ማንም እልል አላለም። ጀሪካናቸውን እያመጡ ወረፋ ያዙ፣ አንዷ ከእኔ በኩል ስታልፍ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። መብቷ ነው።

ልንመለስ ስንል ኦቦ ጃተኒ ትከሻዬን ያዙ። «ቁጥርህን ስጠኝ» አሉ። «ጠረጴዛ ላይ ያለውን አይደለም፣ ኪስህ ውስጥ ያለውን።»

ሰጠኋቸው።

በማግስቱ ስብሰባው ቀጠለ። የአማካሪው ሁለተኛ ዙር ሥራ እንዲቆም ኮሚቴው ወሰነ፤ ኃላፊያችንም ለወደፊቱ ጥገና እንደሚቀድም ቃል ገቡ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ እንዲህ ያለ ምርመራ ተደርጎ የሆነ ነገር ሲቆም ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ኦቦ ጃተኒ ቁጥሬን ለራሳቸው ብቻ አላስቀመጡትም። የየሰፈሩ ሞተር ጠባቂ ሁሉ ይደውልልኝ ጀመር። «አካም? ናጋ?» ይሉኛል፤ የቤተሰቤን፣ የከብቶቼን ደኅንነት ይጠይቃሉ፣ ከብት እንደሌለኝ ሲሰሙ ያዝኑልኛል፣ ከዚያ ወደ ብልሽታቸው ይገባሉ። እኔ ሄጄ ለግምጃ ቤቱ እነግራለሁ፣ ግምጃ ቤቱ ለመካኒኩ ይሰጣል። እንዲያውም አንድ ቀን እኛን ፈጽሞ የማይመለከት ሰው ከተልተሌ ደወለልኝ። የራሱን ወረዳ መስሪያ ቤት ቁጥር ፈልጌ ሰጠሁት። «እሱማ አለኝ» አለ፤ «ይጮሃል፣ አይነሳም።»

በዚህ ዓይነት ሁለት ወር እንደሠራሁ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። ጥፋቴ «ከተዘረጋው የመረጃ ልውውጥ መዋቅር ውጭ በግል ስልክ ጥቆማ መቀበል» ነው። ኃላፊያችን የፈረሙበት እያዘኑ እንደሆነ ከፊርማቸው ያስታውቃል። ግልባጩ ለየክፍሉ፣ ለአስተዳደር፣ ለሰው ኃይል፣ ለግምጃ ቤት፣ ለጥበቃ ሳይቀር ተልኳል። ከምሳ በፊት ያልሰማ ሰው አልነበረም፤ ዘበኛው በር ላይ አቁሞ «አይዞህ፣ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ምንም አይደለም» ብሎ አጽናናኝ። በመስሪያ ቤታችን ታሪክ እንደዚያ ደብዳቤ ፈጥኖ፣ አንድም ሰው ሳይዘል፣ ለሁሉም እኩል የደረሰ መረጃ አላስታውስም።