ጎረቤት የሌለው ኮምፒዩተር

ሰው አንድን ነገር ደጋግሞ ሲያስረዳ ራሱም መጠራጠር ይጀምራል አይደል? የእኔ ሥራ ጭሮ ከተማ ውስጥ ሥራዬን ማስረዳት ነው። እንግዲህ ጥርጣሬዬን ገምቱት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነጋዴው ኮምፒዩተር አይገዛም። ሱቁ ውስጥ ስክሪንና ኪቦርድ ብቻ ያስቀምጣል። ኮምፒዩተሩ አዲስ አበባ፣ አንድ ትልቅ ማሽን ውስጥ ነው ያለው፤ ነጋዴው በኢንተርኔት እየገባ ይሠራበታል። ማሽኑን የሚያከራየኝ ድርጅት ወሩ ሲያልቅ ሁለት ደንበኛ ካልኖረኝ እንደሚዘጋብኝ ነግሮኛል። እኔ ደግሞ አንድም አልነበረኝም።

የዘይትና የስኳር አከፋፋዩ ሀጂ ሙመድ ጋ ሄድኩ። በጥሞና ሰሙኝ። እንዲገባቸው ብዬ፣ ማሽኑ እንደ ትልቅ ግቢ ነው፣ የእርስዎ ኮምፒዩተር እዚያ ውስጥ አንድ ክፍል ነው አልኳቸው። ምነው ባላልኩ!

«ቶሌ፣ እሺ። ጎረቤቶቼ እነማን ናቸው?» አሉ።

ለጊዜው ማንም የለም አልኩ። መዋሸት አልችልበትም። ሀጂ ደነገጡ። ሌባ ቢገባ ማን ይጮኻል? ኮምፒዩተሩ ቢሞትስ አፎሻው የት አለ? እዚህ አገር ያለ አፎሻ፣ ማለትም ጎረቤት በሐዘንም በደስታም ከሚረዳዳበት ማኅበር ውጭ፣ ማን ይኖራል? ኮምፒዩተር አይሞትም ልላቸው ነበር። ከዚያ አሰብኩበት። ይሞታል እኮ።

«ወላሂ፣ ልጄ፣ ንብረቴን ጫካ ውስጥ አልጥልም» ብለው ሸኙኝ።

ጎረቤት ከተማ ሂርና ወረድኩ። የሕንጻ መሣሪያ የሚሸጡት እትዬ አስካለም ያንኑ ጠየቁኝ። የጭሮው ሀጂ ሙመድም ጎረቤት ስለሌላቸው ነው ያልገቡት አልኩ። «እንግዲያው እሳቸው ይቅደሙ» አሉ። ጭሮ ተመለስኩ። ሀጂ ደግሞ «ሴትዮዋ ይቅደሙ» አሉ። እንዲህ ስመላለስ የሚኒባሱ ረዳት ለመደኝና፣ «አንተ፣ ባልና ሚስት ልታስታርቅ ነው?» አለኝ። ቢሆንማ ይቀለኝ ነበር።

በመጨረሻ ሁለቱንም ሀጂ መጋዘን ውስጥ አገናኘኋቸው። ሀጂ ዱዓ አደረጉ፣ እትዬ አስካለ አሜን አሉ፤ ከዚያ እኩል ገቡ። ማሽኔ ተረፈ። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ሳምንትም ሳይሞላ ሀጂ አስጠሩኝ። እትዬ አስካለም አብረዋቸው ተቀምጠዋል፤ የሁለቱም ፊት በርቷል።

«ልጄ» አሉ ሀጂ፣ «እኔ ከምሳ በኋላ በርጫ ላይ ነኝ። ክፍሌ ባዶውን ይውላል። አስካለ ደግሞ ጫት አትቅምም። ከሰዓት እኔ ክፍል ትሥራ። የሷን መልሰህ ውሰደው።»

«እንዲህ ያለ ደግ ጎረቤት አምጥተህልኝ! ተባረክ» አሉ እትዬ አስካለ።

እንዲህ ከሆነ የሚቀረኝ አንድ ደንበኛ ነው፣ ማሽኑ ይዘጋብኛል፣ ሥራዬም ያኔውኑ ያበቃል አልኩ። ተያዩ። ከልባቸው አዘኑልኝ። ሀጂ ትንሽ አሰቡና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«አይዞህ፣ ምን ሆነህ! ማታ ማታ እኮ ባዶ ነው። አንተም እኛ ጋ ግባ።»