አማካይ ተጫዋቹን ለማሳወቅ የተቋቋመው ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ እሑድ፣ የካቲት 9፤ የመጀመሪያው አጋማሽ ዜሮ ለዜሮ እንዳለቀ።
ቦታ፦ ከስታዲየሙ ደረጃ ሥር፣ መረብና የኖራ ከረጢት የሚቀመጥበት ክፍል።
የተገኙ፦ ፀጉር አስተካካዩ (ሰብሳቢ)፣ ፎቶ አንሺው፣ የልጁ አክስት፣ የልጁ አባት (ጸሐፊ)።
ያልተገኙ፦ ሁለት አባላት ሽንት ቤት ተሰልፈው ስለነበር በሐሳብ እንደተገኙ ተቆጥሮ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። የልጁ እናት በበቂ ምክንያት፤ ነፍሷን በገነት ያኑራት።

አጀንዳ 1፦ የልጁ አለመታወቅ

ሰብሳቢው እንዳስረዱት፣ የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ‹‹ስድስት ዓመት ተጫውቶ ደጋፊ ስሙን የማያውቀው ልጅ ውሉ ለምን ይታደሳል?›› ብለዋል። ቁርጡን የሚናገሩት ዛሬ ከጨዋታው በኋላ ነው። ፎቶ አንሺው ጥፋቱ የልጁ መሆኑን ገልጸው፣ ‹‹ካሜራዬን ሳነሳ ኳሷ ሄዳለች፤ እኔ ሁልጊዜ የማነሳው ሣር ነው›› አሉ። አክስት ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እጁ ላይ ነገር እንደማይቆይ፣ ዳቦ እንኳ ቢሰጡት ለጎረቤት አድሎ ባዶውን እንደሚመጣ መሰከሩ። ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ልጁ ፎቶ እስኪነሳ ድረስ ኳሱን ይዞ እንዲቆም ተወሰነ። ጸሐፊው ልቡ ‹‹ተው›› እያለው እጁን አወጣ። ለምን እንዳወጣ ፈጣሪ ያውቃል። ውሳኔው በቡድኑ ወጌሻ በኩል ተላከ።

አጀንዳ 2፦ ፀጉር

ሰብሳቢው የልጁ ፀጉር ግማሹ ቢጫ፣ ግማሹ ቀይ እንዲቀባ ሐሳብ አቀረቡ። አክስት ‹‹እህቴ የወለደችው ሰው ነው፣ በቀቀን አይደለም›› አሉ። ሰብሳቢው ሥነ ሥርዓት አሳሰቡ። አክስት ‹‹አንተ መጀመሪያ የራስህን አብቅል›› ስላሉ፣ ሰብሳቢውም ራሰ በራ ስለሆኑ፣ ነገሩ ሳይመዘገብ እንዲታለፍ ተወሰነ። ቀለሙ ሁለት ለአንድ ጸደቀ፤ ጸሐፊው ድምፀ ተአቅቦ አደረገ። ሁለተኛው አጋማሽ ስለተጀመረ ፎቶ አንሺው ወደ ሜዳ ሮጡ።

አጀንዳ 3፦ ድንገተኛ

ከላይ ጩኸት ስለተሰማ ጉባኤው በጠባቧ መስኮት ተመለከተ። ልጁ ኳሱን እግሩ ሥር አድርጎ፣ መታወቂያ እንደሚያወጣ ሰው ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጓደኞቹም ግራ ገብቷቸው ቆመዋል። ፎቶ አንሺው ‹‹እስቲ ትንሽ ፈገግ በል›› ሲሉት የተቃራኒ ቡድን አጥቂ ኳሱን ነጥቆ አገባ። ስታዲየሙ በሙሉ የልጁን ስም ጠራ። ከስሙ ቀጥሎ የተባለውን አክስት እንዳይመዘገብ አዘዋል። ሰብሳቢው ዓላማችን ተሳክቷል ብለው ጭብጨባ ጠየቁ፤ ያጨበጨበ የለም።

ወዲያው ሥራ አስኪያጁ ወጌሻውን በክንዱ ይዘው ገቡና ‹‹ይሄን ያዘዘው ማነው?›› አሉ። ሰብሳቢው መረቡን ማጠፍ ጀመሩ። ጸሐፊው ተነሥቶ ‹‹እኔ አባቱ ነኝ፤ እጄን አውጥቻለሁ›› አለ። ሥራ አስኪያጁ ‹‹አባቴ፣ ልጅዎ ሲቆም ሁሉም ቆሙ። ይሄን ሁሉ ዓመት ቡድኑን የሚያንቀሳቅሰው ማን እንደሆነ ገና ዛሬ አየሁ። ውሉን አድሳለሁ። ይሄ ኮሚቴ ካለ ግን አላድስም›› አሉ።

ውሳኔ፦ ከአጭር ውይይት በኋላ ከላይ የተወሰነው ሁሉ እንዲሻር፣ ልጁ እንደ ልማዱ ቶሎ እንዲያቀብል፣ ኮሚቴው እንዲፈርስ፣ እንዲያውም ከነጭራሹ እንዳልተቋቋመና ዛሬም ማንም እንዳልተሰበሰበ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ያልተካሄደው ስብሰባ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ አቻ የምታደርገን ጎል ስትገባ በአክስት እልልታ ተበተነ። ሰው ሁሉ ያገባውን እያቀፈ ነበር፤ ማን እንዳቀበለው ከእኔ ከአባቱና ከአክስቱ በቀር ያየ የለም። ተመስገን።