ሸረፈዲን የአማቱን ምሰሶ የመረመረበት ዜና

በአብዮቱ በአምስተኛው ዓመት፣ በዘመነ ሉቃስ፣ በወርኃ ግንቦት፣ ደመናው ከጦሳ ተራራ ጫፍ ሰፍሮ ስለ ክረምቱ ሲመክር፣ ንጽሐፍ እንከ ዜናሁ፣ እንጻፍ እንግዲህ ዜናውን፣ ለኃያል ወመዋዒ ሸረፈዲን፣ በደሴ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ቀበሌ የቤት መርማሪ፣ በጣሪያ ላይ እንደ ሜዳ የሚመላለስ፣ ድመቶች ከሩቅ አይተው መንገድ የሚለቁለት፣ በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ የሚፈራ፤ ያም ሰው ሚስቱ ከሪማ ሳትሆን የከሪማ እናት ወይዘሮ ኡሙሰልማ ናቸው።

በውእቱ መዋዕል፣ በዚያም ዘመን፣ ቤት መርማሪ ነኝ የሚል ሁሉ ኮምቦልቻ ወርዶ ኮርስ ይውሰድ፣ ያልሠለጠነ የሰው ግድግዳ አይንካ የሚል ትእዛዝ ወጣ። ሸረፈዲንም ስንቁን ቋጥሮ፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት በጭነት መኪና ላይ ቆሞ፣ አቧራ ለብሶ ወረደ። በዚያም ከአዲስ አበባ የመጣው አሠልጣኝ፣ ፈገግታው እንደ ቀበሌ ስኳር በራሽን የሚታደለው ጓድ ሞላልኝ፣ ጠረጴዛ መትቶ እንዲህ ሲል አወጀ፦

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ! መርማሪ ፍርዱን ሳይሰጥ ከሚመረምረው ቤት እህል ውሃ አይቅመስ። በእጁ ያልነካውን አየሁ አይበል። ያገኘውን ጉድለት ለባለቤቱ ፊት ለፊት፣ አማላጅ ሳይልክ፣ ማር ሳይቀባ ይናገር። ይህን ያጎደለ የምስክር ወረቀት አያገኝም፤ ቤትም አይመረምርም!»

በፊተኞቹ ሁለት ሕጎች ሸረፈዲንን የሚስተካከለው አልተገኘም። ሦስተኛው ግን የወሎን ልጅ የሚገድል ሕግ ነበር። ለመሆኑ ሰው ቤት ገብቶ፣ ጎንበስ ብሎ ሰላም ብሎ፣ «ቤትህ ሊወድቅ ነው» የሚል ከየትኛዋ እናት ይወለዳል? ስለዚህም ለልምምድ በተሰጠችው፣ ግድግዳዋ የስምንት ወር እርጉዝ በመሰለች የኮምቦልቻ ቤት ውስጥ፣ ባለቤቱ እጁን አጣምሮ እየጠበቀው፣ ሸረፈዲን ለካ፣ ነቀነቀ፣ ላቡ እስኪንጠፈጠፍ መረመረና ፍርዱን ሰጠ፦ «ማሻአላህ! አላህ ያጽናው!»

 ከጓድ ሞላልኝም ሁለተኛ አዋጅ ወጣ፤ የመጨረሻው ፈተና በደሴ፣ በተፈታኙ በራሱ ቀበሌ እንዲሆን፣ ሸረፈዲንም ጉድለት አይቶ ማሻአላህን አንድ ጊዜ እንኳ ቢደግም ወደ ቀድሞ የሽንኩርት ንግዱ እንዲመለስ። ቀበሌውም ለክረምቱ የቤት ማደሻ እንጨት የሚሰጠው የምስክር ወረቀት ያለው መርማሪ «ይህ ቤት አደጋ ላይ ነው» ላለው ብቻ ነበር።

ወእምዝ፣ ከዚያም በኋላ፣ በደሴ ዕጣ ወጣ። ሸረፈዲን እጁን ከጓድ ሞላልኝ ባርኔጣ ውስጥ ከትቶ፣ ወረቀቷን ገልጦ አነበባት። ኧረ ምን ዓይነት ጉድ ነው! የወጣችው የአማቱ ቤት ናት። ከሠርጉ ቀን ጀምሮ ዓይናቸውን ቀና ብሎ አይቶ አያውቅም፤ አሁን ግድግዳቸውን ሊቆረቁር ነው።

ሠራዊቱም ተሰልፎ ወጣ። በፊት ጓድ ሞላልኝ ክላሰሩን ታቅፎ፤ ቀጥሎ ተፈታኙ ካቻቢቴውን በቀበቶው ሻጥ አድርጎ፤ በስተኋላው መሰላል ተሸካሚው ደምመላሽ፤ ከእርሱም ኋላ የኩታበርና የገራዶ መርማሪዎች፣ በሰው መከራ እየሣቁ፤ ከነርሱም ኋላ ሥራ ያቆሙ የሰፈሩ ሴቶች በሙሉ፤ በመጨረሻም ከሪማ፣ ፊቷን በሻሿ ሸፍና፣ ለባሏም ለእናቷም ዱአ እያደረገች።

ወይዘሮ ኡሙሰልማ በቅቤ የራሰ ቂንጬ በትልቅ ሳህን ይዘው በራቸው ላይ ቆመው ነበር። አወጁም፦

«ወላሂ ሳትቀምስ ከዚህ ቤት አንዲት ጭቃ አትነካም! ለመሆኑ ልጄን የዳርኩት ለሰው ነው ወይስ ለመንግሥት?»

የጓድ ሞላልኝ እስክሪብቶ ከወረቀቱ በላይ ተሰቀለች። ከማለዳ ጀምሮ ያልበላው የሸረፈዲን ሆድ ሸፈተ፤ እርሱ ግን የአማቱን ጉልበት ስሞ፣ ከሥራ በኋላ እንደሚበላ በአላህ ስም ምሎ፣ በሳህኑ ጎን አልፎ ገባ። ሴቶቹ «እሰይ!» ይበሉ ወይስ «ኤዲያ!» ይበሉ ጨነቃቸው።

ጣሪያው ጤነኛ ሆኖ ተገኘ፤ ግድግዳውም እንዲሁ። የቀረው ምሰሶው ነበር። ይህ ምሰሶ ነፍሳቸውን ይማርና የከሪማ አባት ሐጂ ጀማሉዲን ከኩታበር በሰው ትከሻ አስመጥተው በገዛ እጃቸው የተከሉት ነው። የገባ እንግዳ ሁሉ መታ መታ አድርጎት ማሻአላህ ሳይል አይወጣም። ከሥሩ ግን አንድ ከባድ የእንጨት ሳጥን ተጠግቶ ነበር። ሸረፈዲን ወደ አማቱ እግር ተመለከተ፤ አማቱም ወደ በሩ ተመለከቱ። ያልነካውን አየሁ ማለት አይችልምና ከደምመላሽ ጋር ሳጥኑን ገፋው። ከኋላው የምሰሶው ሥር በአዲስ ጭቃ ተለስኗል። ካቻቢቴውን ቢሰካው ድምፅ እንኳ ሳያሰማ እስከ እጀታው ገባ፤ ሲስበውም ምስጥ የፈጨው ዱቄት ተንዠቀዠቀ።

አቤት ጭንቅ! ዝም ቢል የሐምሌ ዝናብ ያን ሁሉ ቆርቆሮ በእኚህ ሴት ላይ ያወርደዋል። ቢናገር የሟቹን እጅ ሥራ በባለቤታቸው ፊት ማዋረዱ ነው። ማሻአላህ የምትለዋ ቃል እስከ ጉሮሮው መጥታ ቆመች። እኚህ ሴት ደግሞ አንድ ሸሚዝ ብቻ የነበረው ጊዜ ልጃቸውን አምነው የሰጡት ናቸው፤ ይወዳቸዋል። ሸረፈዲን ቀና አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይናቸውን አየ፤ አወጀም፦

«እማማ ኡሙሰልማ! ምሰሶዎ በስብሷል። ከላዩ ሐጂ የተከሉት ነው፤ ከሥሩ የቀረው ምስጥ ነው። ከዛሬ ጀምሮ እዚህ አያድሩም! ይቀየሙኝ፤ ይርገሙኝ። ከቆርቆሮ ሥር ጎትቼ ከማወጣዎት እርግማንዎን ብሸከም ይሻለኛል!»

 ከሪማ ሻሿን ነከሰች። ወይዘሮ ኡሙሰልማ ሳህኑን አስቀምጠው፣ ሳጥኑ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡና አወጁ፦

«ሁለት ክረምት! ሁለት ክረምት ሙሉ ይሄ እንጨት ሲንቋቋ እየሰማሁ በር ሥር ተኛሁ። ሳጥኑን ያስጠጋሁት እኔ ነኝ፤ ጭቃውንም የለሰንኩት እኔ ነኝ። የሐጂ እጅ የተከለውን እንዴት ብዬ በስብሷል ልበል? አፌ እምቢ አለኝ። ሰው ይንገረኝ ብዬ ብጠብቅ፣ የገባው ሁሉ በላ፣ መረቀኝ፣ ማሻአላህ ብሎኝ ወጣ። ለእኔ ብሎ የሚደፍር አንድ ሰው ጠፋ! ከሪማ፣ ምን ትገተሪያለሽ? ምንጣፌን ጠቅልይ እንጂ!»

ጓድ ሞላልኝም በዚያው፣ በቆመበት፣ ሸረፈዲን ፈተናውን ማለፉን አወጀ፤ ቀበሌውም ከዝናቡ በፊት አዲስ እንጨት ሰጠ። ወይዘሮ ኡሙሰልማም በልጃቸው ቤት አደሩ፤ በማግስቱ ሱብሂ ሰግደው ደግመው ጋደም አሉ፤ ፀሐይዋ ከርራ ሰፈሩ ሁሉ ሥራ ሲገባ እንኳ አልነቁም፤ ከሪማ ደንግጣ ትንፋሻቸውን ልታዳምጥ ሄደች፤ እያንኮራፉ ነበር።

እንግዲህ ክብርና ምስጋና ለሸረፈዲን፣ ለድል አድራጊው፣ በአማቶች ፊት ለማይታጠፈው! ሌሎች ጀግኖች አምባ ይስበሩ፣ ከተማ ያቅኑ፤ ከጦሳ እስከ ሐረጎ ስሙ ይጠራ፤ ከመሰላሉ ላይ እግሩን አያዳልጠው፤ እኚህ እናት በእርሱ ምክንያት ጠግበው ተኝተዋልና።